የሞተር መቀመጫ ማጣበቂያ መረጣ ዐቢይ ኮሚቴ

መሥሪያ ቤታችን አንድ የሞተር መቀመጫ በምን እንደሚለጠፍ ለመወሰን አራት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ብቻ እንደፈጀበት ስገልጽ ኩራት ይሰማኛል። ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን በችኮላ አንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሶት ቁጭ ይል ነበር። የእኛ ግን የእንስሳትን ጤና ያህል ከባድ አደራ የተሸከመ ስለሆነ ችኩልነት አያውቅም። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርሁ፤ የምናገረው ሁሉ በቃለ ጉባኤ የተደገፈ ነው።

ነገሩን የጀመረው ቢያዝን ነው። ቢያዝን የከብት ክትባት ባለሙያችን ሲሆን፣ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዞ ዘንዘልማንና ከዚያ ወዲያ ታክሲ የማይገባባቸውን ቀበሌዎች በሞተር ያዳርሳል። የሞተሩ መቀመጫ ልብስ ተቀድዶ ስፖንጁ ውሃ መቋጠር ጀመረና ሰውየው ዝናብ በሌለበት ቀን እንኳ ሱሪው ረጥቦ መምጣት አበዛ። ስለዚህ አዲስ ልብስ በራሱ አሰፍቶ፣ መለጠፊያ የሚሆን አንድ ጣሳ ማስቲሽ እንዲገዛለት አመለከተ። በማመልከቻው ግርጌ አባሰንጋ የሚባለው የከብት በሽታ አጎራባች ወረዳ መድረሱንና ክረምት ሳይገባ ያልተከተበ ከብት እንደሚያልቅ ጽፏል። ይህ ከርእሰ ጉዳዩ ጋር ስላልተያያዘ አልተነበበም።

ኃላፊያችን አቶ አካሉ አስጠሩት።

«ማስቲሽ ለምን?»

«ጫማ ሰፊው ምናሴ እሱ ይበቃዋል ብሎኝ ነው። ሁለቱንም ወገን ቀብቶ፣ ትንሽ አናፍሶ መጫን ነው አለኝ።»

«ጥናት አለው?»

«ማን፣ ምናሴ?»

«ማስቲሹ።»

«ጥናት እንኳ የለውም ጋሽ አካሉ። ይይዛል።»

«ስሜታዊ አትሁን» አሉት አቶ አካሉ፣ በአባትነት መንፈስ።

በዕለቱ የሞተር መቀመጫ ማጣበቂያ መረጣ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። የመጀመሪያ ውሳኔውም መቀመጫው ተነቅሎ ለናሙናነት ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲታሸግ ነበር። ሞተሩ ያለ መቀመጫ፣ ቢያዝን ያለ ሞተር ቀሩ። አስፋልት እስካለበት በታክሲ፣ ከዚያ ወዲያ የበረዶ ሣጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ በእግሩ ይሄድ ጀመር። በረዶው ደግሞ የእኛን ትዕግሥት የታደለ አይደለም፤ ሁለተኛው ቀበሌ ሳይደርስ ይሟሟል።

ኮሚቴው ግን ሥራ ላይ ነበር። የዕቅድ ኃላፊዋ ወይዘሮ እናትዓለም በሦስተኛው ስብሰባ ማንም ያላሰበውን ሥጋት አነሡ።

«ማስቲሽ እኮ የጎዳና ልጆች የሚስቡት ነገር ነው። ሠራተኛችን ቀኑን ሙሉ ከላዩ ተቀምጦ ሱስ ቢይዘው ማን ይጠየቃል?»

«ከአፍንጫው ይርቃል እኮ» አልሁ እኔ።

«ከአፍንጫው ይራቅ። ከተጠያቂነትስ?»

ጻፍሁት። ምን ላድርግ፣ ጸሐፊ ነኝ።

በስድስተኛው ስብሰባ አቶ አካሉ ታላቁን ሐሳብ አመጡ። በጣና ገዳማት ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው፤ ስንት መቶ ዓመት ሙሉ አልተላቀቀም። ከዚህ የበለጠ ልምድ ከየት ይመጣል? ጀልባ ተይዞ ለልምድ ልውውጥ ሄድን። የሄድንበት ገዳም ሴት ስለማይገባበት ወይዘሮ እናትዓለም ጀልባው ላይ ሆነው ሙያዊ ድጋፍ ሲሰጡ ዋሉ።

አባ ወልደ ገብርኤል የሚባሉ ሽማግሌ መነኩሴ ተቀበሉን። አቶ አካሉ ግድግዳውን በአድናቆት እያዩ ጠየቁ።

«አባታችን፣ በምን ቢለጥፉት ነው እንዲህ የያዘ?»

«የለጠፉት ያውቃሉ እንጂ እኔ ምኑን አውቄ። ስመጣም እንዲሁ ሁኖ አገኘሁት።»

«ምስጢሩ ምን ይመስልዎታል?»

አባ ግራ ገባቸው። «የምን ምስጢር፣ ልጄ? ፀሐይ አያገኘው፣ ዝናብ አያገኘው። ሰው አይቀመጥበት።»

አቶ አካሉ ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፍ» አሉኝ። ቃል በቃል እንዲሆንም አስጠነቀቁኝ።

የጥናቱ ውጤት በአርባ ስድስት ገጽ ተጠናቀቀ። ማጣበቂያው ማስቲሽ እንዲሆን ተወሰነ። ምናሴ መጥቶ ለጥፎ፣ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ሻዩ ሳይቀዘቅዝበት ሄደ። መቀመጫው ተገጥሞ ሞተሩ ፀሐይና ዝናብ ከማያገኘው የስብሰባ አዳራሻችን ገባ፤ ሪባንም ታሰረለት። አቶ አካሉ «ይህ መቀመጫ የመቀመጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም» የሚል ንግግር አደረጉና ሪባኑን ቆረጡ። አጨበጨብን። ቢያዝን የሁላችንን ያህል አጨብጭቦ ወደ ፊት ወጣ።

«እንግዲህ ቁልፉን ይስጡኛ» አለ።

«የት ልትሄድ?»

«ዘንዘልማ ነዋ። ገና ያልከተብሁት ሰፈር አለ።»

«በሞተሩ?»

«በሞተሩ።»

«ተቀምጠህበት?»

«ቆሜማ አልነዳውም፣ ጋሽ አካሉ።»

አቶ አካሉ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። የአባን ቃል ከገጽ አርባ አንድ አነበቡለት። ሰው ካልተቀመጠበት በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት እንደሚቆይ በጥናት የተረጋገጠን ንብረት አንድ ግለሰብ ለግል ምቾቱ ሲል እንዴት ይቀመጥበታል? ቢያዝን ሣጥኑን አንሥቶ ወጣ። ያን ቀን ከልቤ አዘንሁለት፤ ማዘኔን ግን የምጽፍበት ዐምድ ቃለ ጉባኤው ላይ አልነበረም።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ አቶ አካሉ ስልክ ጆሯቸው ላይ እንደያዙ አዳራሹ ውስጥ ገቡ። ዘንዘልማ ጫፍ ላይ ባሠሩት ቤት አምስት የፈረንጅ ላሞች አሏቸው። ከአምስቱ አንዷ ጠዋት ወድቃለች። እኔን ሳያዩ ለቢያዝን ደወሉ።

«አሁኑኑ እቤቴ ድረስ!»

«ከዘንዘልማ ሁለት ቀበሌ አልፌ ነኝ ጋሽ አካሉ። በእግሬ ነኝ፤ በረዶውም አልቋል።»

«የእኔን ላሞች ሳትከትብ አለፍህ?»

«የእርስዎ ቤት ከአስፋልቱ ይርቃል። ሁለት ቀን ሞክሬ ሳልደርስ ሟሟብኝ። በሞተር ቢሆን ሚያዝያ ላይ ከትቤያቸው ነበር።»

አቶ አካሉ ስልኩን ዘግተው ወደ ሞተሩ ሄዱ። ሞተሩን ያለበስነውን ሸራ ገፈፉና በከረባታቸው እንዳሉ ፊጥ አሉበት። ረገጡ። አልተነሣም። ደግመው ረገጡ። ቤንዚን ማስቲሽ ሊያሟሙ ከሚችሉ ነገሮች አንዱ ስለሆነ የሞተሩ ታንከር ባዶ እንዲሆን በስምንተኛው ስብሰባ ራሳቸው ወስነው እንደነበር አስታወስኋቸው። አልወረዱም። መሪውን እንደያዙ ቁጭ አሉ።

ስልካቸው እንደገና ጠራ፤ ከቤታቸው ነበር። ሰሙና «መቼ?» ብቻ ብለው ዘጉት።

እኔም ሥራዬ ነውና መዝገቡን ገለጥሁ።

«ምን እየጻፍህ ነው?»

«ማጣበቂያው በከፍተኛ ኃላፊ ክብደት ተፈትኖ አለመላቀቁን።»

እጃቸውን ዘርግተው መዝገቡን ተቀበሉኝና እዚያው እንደተቀመጡ ፈረሙ።