የሮግስቬድ የሙቀት ሹም

የአቶ ሕሩይ የዕለት ተግባራት፦

የደረጃው መብራት በራሱ እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ መጠበቅ።
የልብስ ማጠቢያውን ክፍል በር መዝጋት።
ከካርቶን ጋር የተጣለ ፕላስቲክ ፈልጎ ለባለቤቱ መመለስ።
ግቢው ውስጥ ቆሞ ክፍት መስኮቶችን መቁጠር።
ማስታወቂያ መለጠፍ።
የተቀደደውን ማስታወቂያ እንደገና መለጠፍ።

መብራት አጥፊ የሌለው የሐበሻ ቤት እስከ ዛሬ አልተሠራም። በእያንዳንዱ ቤት፣ ሰው ከክፍል በወጣ ቁጥር ተከትሎ ገብቶ መብራቱን ድርግም የሚያደርግ፣ ክዳኑ የተከፈተ ድስት ሲንተከተክ ካየ ምግቡ የማይጥመው፣ የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት ከሌላ ክፍል ሆኖ «የምትፈልገውን መጀመሪያ አስበህ ክፈት!» ብሎ የሚጮኽ አንድ ሰው አለ። ልጆች ይሸሹታል፤ እንግዶች ይታዘቡታል፤ ሚስቱ «ቋጣሪ» እያለች ታማዋለች። እሱ ግን ሁሉን በትዕግሥት ችሎ፣ የሚረዳው ትውልድ እስኪመጣ ይጠብቃል።

ለአቶ ሕሩይ ከትውልዱ በፊት ከተማዋ ደረሰችላቸው። ስቶክሆልም ወደ አየር የምትለቀውን ካርቦን እየቀነሰች፣ መቀነስ ያልቻለችውን ደግሞ መልሳ እየያዘች፣ ሒሳቧን ዜሮ ልታደርግ መነሣቷን በሰሙ ዕለት፣ ዕድሜ ልካቸውን የተከሰሱበት ክስ በአንድ ጊዜ ውድቅ ሆነ። እስከዚያ ቀን ቋጣሪ የነበሩት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ከዚያ በኋላ ፖሊሲ አስፈጻሚ ሆኑ። ለሚቃወማቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ከተማዋ ቃል ገብታለች!» አባባላቸውን የሰማ፣ ቃሉ የተገባው ለእሳቸው በግል፣ ያውም በምስክር ፊት ይመስለዋል።

የሚኖሩት በስቶክሆልም ደቡብ ዳር፣ ሮግስቬድ በሚባለው ሰፈር፣ ነዋሪዎቹ በማኅበር በያዙት ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ውስጥ ነው። ማኅበሩ በዓመታዊ ስብሰባው ላይ የኃይል አጠቃቀም ተጠሪ የሚሆን ፈቃደኛ ሲጠይቅ፣ ተሰብሳቢው ሁሉ ጫማውን መመልከት ጀመረ። የአቶ ሕሩይ እጅ ግን ጥያቄው ሳያልቅ ወጥቶ ነበር። በሙሉ ድምፅ ተመረጡ። «ክቡር የሙቀት ሹም» የሚለውን ማዕርግ የሰጧቸው ግን በታችኛው ወለል ጥግ ላይ የሚኖሩት ወይዘሮ አክበረት ናቸው።

ወይዘሮ አክበረት በአረጋውያን መጦሪያ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በነገር ለማንም የማይመለሱ ሴት ናቸው። በሕንጻው ውስጥ አማርኛ የሚያነቡት እሳቸውና አቶ ሕሩይ ብቻ ናቸው። ይሁንና አቶ ሕሩይ ማንኛውንም ማስታወቂያ በስዊድንኛና በአማርኛ ነው የሚያወጡት። አማርኛው ለማን እንደ ተጻፈ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም። ማስታወቂያዎቹ በየጊዜው ተቀድደው ይገኛሉ፤ አቶ ሕሩይ የሕንጻውን ጎረምሶች ይጠረጥራሉ።

«ክቡርነትዎ፣ ዛሬስ ማን ታሰረ?» ይሏቸዋል ወይዘሮ አክበረት፣ ደረጃው ላይ የመብራቱን መጥፋት ሲጠባበቁ ባገኟቸው ቁጥር።

«ይሳቁ፣ ይሳቁ! ከተማዋ ቃል ገብታለች።»

«ለእኔ አልነገረችኝም።»

«ለጥፌልዎታለሁ እኮ!»

አቶ ሕሩይ ሰው ቤት ሲገቡ ዓይናቸው ከባለቤቱ ፊት በፊት የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ባለው ቴርሞሜትር ላይ ነው። በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ወጥ ቤት ዘልቀው በየድስቱ ክዳን ሲገጥሙ፣ ወጥ የምታማስለው ሴት ጭልፋዋን እንደያዘች አሳድዳ አስወጣቻቸው። አሳንሰር የሚጠብቅ ወጣት ካዩ «ጉልበትህን ለመቼ አስቀምጠኸው ነው?» ብለው በደረጃ ይሰዱታል። አንድ ቀን ደግሞ ከካርቶን መጣያው ውስጥ ያገኙትን የእርጎ ዕቃ በወይዘሮ አክበረት በር እጀታ ላይ አንጠለጠሉት፤ «ይህ የእርስዎ ሳይሆን አይቀርም» የሚል ወረቀትም አብሮት ነበር። በማግሥቱ ዕቃው የራሳቸው በር ላይ ተንጠልጥሎ አገኙት። «ፍልሰታ ነው። እርጎ የሚበላው ማን ነው?» ይላል መልሱ። አቶ ሕሩይ ስሕተታቸውን አምነው ይቅርታ ጠየቁ፤ የጠየቁትም ማስታወቂያ ለጥፈው ነው።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አቶ ሕሩይ የሕንጻው ማሞቂያ በአንድ ዲግሪ ዝቅ እንዲል ለማኅበሩ ሐሳብ አቀረቡ። «አንድ ዲግሪ ለአንድ ቤት ምንም አይደለም፤ ለአንድ ከተማ ግን ብዙ ነው» አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ልኬቱንም በጥንቃቄ ወስደዋል፤ የወሰዱት ግን በአራተኛው ፎቅ መሐል ላይ፣ በገዛ ቤታቸው ነው። ሃያ ሦስት ነበር። ሃያ ሁለት ቢሆን ማን ይጎዳል? ሐሳቡ ጸደቀ፤ ማስታወቂያውም ወጣ፤ «ከሃያ ዲግሪ የሚወርድ ቤት አይኖርም። ሕሩይ።»

ጥር ሲገባ የወይዘሮ አክበረት ቤት ዐሥራ ሰባት ሆነ።

ነገሩ በእሳቸው ብቻ የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ ጋቢ ደርበው፣ ሹሙን እያሙ ክረምቱን በገፉት ነበር። ነገር ግን ልጃቸው ፌበን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳለች። ወይዘሮ አክበረት ፌበንን የወለዱት እናት በሌለበት በዚህ አገር ነው፤ ከሆስፒታል በወጡ ማግሥት ሳህን ያጠቡት ራሳቸው ናቸው። ልጃቸው እንዲህ አትታረስም ብለው ከቆረጡ ቆይተዋል። አልጋው ተነጥፏል፤ የገንፎው ዱቄት ከአዲስ አበባ መጥቷል። የቀረው አራሷ ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ ሌላ ሰው እየጠበቃት ነው። የፌበን አማት ወይዘሮ ተጂቱ ከከተማዋ ሌላ ጫፍ፣ ቴንስታ የሚኖሩ ሲሆን፣ ቤታቸው በክረምት ከበጋ ይልቅ ይሞቃል። «እኔ ጋ ትምጣላችሁ! የእኔ ቤት ምድጃ ነው፣ ምድጃ!» ይላሉ በየስልኩ።

ፌበን አንድ እሑድ መጥታ፣ ሶፋው ላይ ጃኬቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«አውልቂው እንጂ፣ እንግዳ ነሽ እንዴ?»

«እማዬ፣ ይበርዳል። ሕፃን ይዤ እዚህ ልመጣ አልችልም» አለች ፌበን በስዊድንኛ። ከበድ ያለውን ነገር ሁሉ የምትናገረው በስዊድንኛ ነው። «እስከዚያ ካልሞቀ ከሆስፒታል በቀጥታ ቴንስታ እንሄዳለን። አትቀየሚኝ።»

ወይዘሮ አክበረት አልተቀየሙም። ልጃቸውን ሸኝተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በደረጃ ወደ አራተኛው ፎቅ ወጡ። አቶ ሕሩይ በሩን ከፈቱ። በጥር ወር፣ ውጪው ግግር በረዶ ሆኖ ሳለ፣ በካኒቴራ ነበሩ።

«ክቡር ሹም፣ ቁጠባው በካኒቴራ ነው እንዴ?»

አቶ ሕሩይ ወደ ራሳቸው ዝቅ ብለው ተመለከቱ። ካኒቴራውን ያን ጊዜ ያዩት ይመስል ነበር። «ምን ነበር ጉዳዩ?» አሉ።

ወይዘሮ አክበረት ከነጠላቸው ሥር አንድ የተጨማደደ ወረቀት አወጡ። «ከሃያ የሚወርድ ቤት አይኖርም ይላል። የእኔ ዐሥራ ሰባት ነው።»

«ይህ... የተቀደደው ማስታወቂያዬ አይደለም እንዴ?»

«ጨዋታ አይለውጡ!»

ተያይዘው ወረዱ። አቶ ሕሩይ መጀመሪያ የቤቱን ቴርሞሜትር ተጠራጠሩ፤ የራሳቸውን አመጡ። ዐሥራ ሰባት። ሌላ አመጡ። እሱም ዐሥራ ሰባት አለ። በግማሽ የተከፈተውን የመኝታ ክፍል በር ሊዘጉ ሄደው የተነጠፈውን አልጋና የታጠፉትን ትናንሽ ልብሶች አዩ፤ ለማን እንደሆነም ጠየቁ። ወይዘሮ አክበረት ስለ ፌበን፣ ከዚያም ስለ ቴንስታ ነገሯቸው። አቶ ሕሩይ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ከእርስዎ ላይ ነው እንግዲህ የቆጠብኩት» አሉ።

«ይጨምሩት እንግዲያ! አንድ ቁልፍ አይደለም ወይ?»

«ቢጨመር እኔ ቤት ይጨምራል። በማሞቂያው ቧንቧ የሚሄደው የሞቀ ውኃ ላይኞቹ ጋ ይሞላል፤ ጥጉ ቤት የሚደርሰው የተረፈው ነው። ላይኞቹ ሲሞቃቸው መስኮት ይከፍታሉ፤ ሙቀቱ ሜዳ ላይ ይፈሳል።» ውኃውን ለሁሉም ቤት እኩል የሚያከፋፍለው ባለሙያ ደግሞ እስከ ፋሲካ ማዶ ተይዟል። አቶ ሕሩይ ተነሡ። «ሦስት ዲግሪ ዕዳ አለብኝ።»

«ከተማዋስ ምን ትላለች?»

«ከተማዋ ያወጣችውን ልትመልስ ነው ቃል የገባችው። ከጎረቤት ነጥቃ አይደለም።»

በማግሥቱ ሰሌዳው ላይ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ማስታወቂያ ወጣ፤ «ለወይዘሮ አክበረት፦ ቃሌን አልጠበቅሁም። ሦስት ዲግሪ ዕዳ አለብኝ። ሕሩይ።» ነዋሪዎቹ ምን እንደሚል ቢጠይቋቸው «የግል ጉዳይ ነው» ብለው አለፉ።

መጀመሪያ ወይዘሮ አክበረት ቤት መጥተው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ የየመስኮቱን ክፍተት በጎማ ደፈኑ። ቀጥለው ኤለመንት የሚባለውን የግድግዳ ማሞቂያ ቢፈልጉት አጡት። ከሶፋው ጀርባ፣ ከወፍራም መጋረጃ ሥር ነበር።

«ይህን ሶፋ እዚህ ያስቀመጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ታዲያ ጣራ ላይ ልስቀለው?»

«ሙቀቱን እኮ ሶፋው ነው የሚሞቀው!»

ሶፋውን እየተነታረኩ አዛወሩት። ዐሥራ ስምንት ሆነ።

ከዚያ በኋላ አቶ ሕሩይ ያደረጉት በሕንጻው ታሪክ ታይቶ አይታወቅም፤ ማስታወቂያ ሳይለጥፉ በር አንኳኩ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ኤለመንታቸውን ትንሽ ዝቅ እንዲያደርጉላቸው ላይኞቹን አንድ በአንድ ለመኑ። ማሞቂያዋን እስከ መጨረሻው ከፍታ መስኮቷን የማትዘጋው ጎረቤታቸው ቲና፣ ታች አራስ እንደምትመጣ ስትሰማ ሁለቱንም ወዲያው ዘጋች። ሌሎቹ ግን እንዲህ አልቀለሉም። የፕላስቲክ ዕቃ የተመለሰለት ሁሉ ትዝ ብሎት ነበር። አንዱ በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋው። በአሳንሰሩ ምክንያት የተገሠጸው ወጣትማ ጭራሽ አልከፈተላቸውም። አቶ ሕሩይ ግን በማግሥቱ ተመልሰው ያንኳኳሉ።

ፌበን ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ወንድ ልጅ ተገላገለች። ወይዘሮ አክበረት ገንፎ አገንፍተው፣ ሳህኑን ሸፍነው ወደ አራተኛው ፎቅ ወጡ። አቶ ሕሩይ በሩን ሲከፍቱ ካፖርት ለብሰው፣ የሱፍ ኮፍያ አጥልቀው ነበር። የራሳቸውን ኤለመንት ከሁሉም ሰው አስቀድመው ጭራሽ ዘግተውታል።

«ምነው፣ ሙቀት ጠፋብዎ?»

«የለም፤ ወደ ታች ልኬዋለሁ። ስንት ደረሰ?»

«ዐሥራ ዘጠኝ። ወንድ ነው፤ ነገ ከሆስፒታል ይወጣሉ።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አሉ አቶ ሕሩይ። ከዚያም ገንፎውን ሳይቀምሱ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ክዳኑን በጥንቃቄ ገጥመው ወጡ። «አንድ ይቀራል።»

በቀጥታ ወደ ወጣቱ ቤት ሄዱ። በዚህኛው ጊዜ ልጁ ከፈተ፤ ስለ አሳንሰሩ ዳግመኛ አንዲት ቃል እንዳይናገሩት እንዲምሉለትም ጠየቀ። አቶ ሕሩይ ዓይናቸውን ጨፍነው ማሉ። ለእሳቸው ይህ ቀላል መሥዋዕትነት አልነበረም።

ፌበን በማግሥቱ ሕፃኗን ታቅፋ ገባች። ወይዘሮ ተጂቱም ተከትለዋት መጥተው፣ በሩ ላይ ቆመው አየሩን በፊታቸው መረመሩ። ፌበን ሕፃኑን ለእናቷ ሰጠች፤ ከዚያም ጃኬቷን አውልቃ መስቀያው ላይ ሰቀለችው። ወይዘሮ ተጂቱም ካፖርታቸውን አወለቁ። ቴርሞሜትሩ ሃያ ይላል።

ማምሻውን ወይዘሮ አክበረት አማቲቱን እስከ ውጪ በር ሸኝተው ሲመለሱ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሙ። እጃቸው በልማዱ ወደ ዕዳው ማስታወቂያ ጥግ ሄደ፤ ስንቱን ማስታወቂያ የቀደደ እጅ ነው። ይህን ግን አልቀደዱትም። ስክሪብቶ አውጥተው፣ የደረጃው መብራት በራሱ ከመጥፋቱ በፊት፣ ከሥሩ ጻፉ፦

«ሦስቱም ዲግሪ ተመልሶልኛል። ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል። አክበረት።»