እትዬ ገለቴና የአቸቶ ካሮት

ድስት ከፍቶ ሳያይ «እንደምን ዋላችሁ» የማይል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ካለ ንገሩኝና ልዛወር። ላሊበላ ውስጥ እኔ የምኖርበትን ሰፈር የሚያስተዳድሩት ክብርት ወይዘሮ ገለቴ ናቸው፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነው። ሥልጣናቸው በጨው ላይ ነው። ፍርዳቸውም አንድ ነው፦ «ጨው ነሳችሁት!»

በሠርግ ወጥ ላይ ፈርደዋል። በቄስ ወልደ ሰንበት ቤት የክርስትና ድግስ ላይ፣ ቄሱ ማዕዱን ባርከው ሳይጨርሱ ፈርደዋል። በጸበል ላይ ሲፈርዱ እስካሁን አልሰማሁም።

ሁዳዴ እንኳ ሥራ አያስፈታቸውም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቅመስ ስለማይቻል በሽታ ይፈርዳሉ። አጠራጣሪ ነገር ሲገጥማቸው ሙስሊሟን ጎረቤታችንን ይጠራሉ፦ «ነጅሚያ፣ ነይማ ቅመሽልን!» ነጅሚያ ለዓመታት የጾም ወጣችንን ጨው ስትቀምስልን ኖራለች። ዘንድሮ ግን ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ገቡና ሰፈሩ ያለ ምላስ ቀረ።

«አንቺ ደግሞ ምነው ከኛ ጋር ጾምሽ?» ብለው ተቆጧት።

«እኔን ምን ይሉኛል እትዬ? ጨረቃዋን ይጠይቋት!»

ልጄ ሰርክአዲስ ከእናቷ አርባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደሴ የመጣችው በዚያው ሰሞን፣ አንድ ዓርብ ቀን ነው። በስልክ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አባዬ፣ የእማዬን የአቸቶ ካሮት ሥራልኝ።»

ነገሩ ከባድ አይደለም፤ ጠዋት ተሠርቶ ለዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል። ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና ቃሪያ በስሱ ተከትፎ የማር ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። እኩል አቸቶና ውሃ ከጨውና ከትንሽ ስኳር ጋር ፈልቶ በትኩሱ ይፈስበታል፣ ከዚያ ይከደናል። ሟች ባለቤቴ የትናየት ስትሠራው፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት አጠገቧ ቆሜ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ልኩን አውቃለሁ። ባይሳካልኝ ግን ከእንግዲህ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ስለዚህ የማንም እጅ እንዳይገባበት የግቢውን በር ቀረቀርኩ።

አቸቶን ግን መቀርቀሪያ አያግደውም። ገና ሳፈስሰው ከካቡ በላይ አንድ ሻሽ ብቅ አለ።

«ደሳለ! ጨው ነሳኸው!»

«ሳያዩት፣ እትዬ?»

«ይሸተኛል!»

«በየትናየት ማንኪያ፣ በየትናየት ልክ ነው የሠራሁት።»

«እሷም ትነሳው ነበር! በሩን ምነው ዘጋኸው?»

«ንፋስ አለ» አልኩ።

ቀና ብለው የባሕር ዛፉን አዩት። ቅጠል አይነቃነቅም። ከዚያ ከካቡ ወረዱ። እኔም እንዳሸነፍኩ ቆጠርኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰርክአዲስ በሹካ ትንሽ አነሳችና ቀስ ብላ አላመጠች።

«እንዴት ነው? የእናትሽ ነው?» አልኳት።

«ካሮቱ እሱ ነው። አቸቶውም እሱ ነው።» ሹካዋን አስቀመጠች። «እትዬ ገለቴ አልመጡም እንዴ?»

«በሩን ቀርቅሬባቸው ነው።»

ትኩር ብላ አየችኝና ሳቋን ለቀቀችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። «አባዬ! እማዬ እኮ ጨዉን አውቃ ነበር የምታሳንሰው። ‹መጥተው የሚሉት ነገር እንዳያጡ› ትል ነበር። የቀረውን የሚጨምሩት እሳቸው ናቸው፤ አንተ ሥራ ከሄድክ በኋላ።»

ተነስቼ መቀርቀሪያውን ሳብኩ። ክብርት ወይዘሮ ገለቴ ከበሩ ውጭ ቆመዋል፤ ቀኝ እጃቸው ተጨብጧል። ሰላም አላሉኝም። በቀጥታ ገብተው ጠርሙሱን ከፈቱ፣ ጭብጣቸው ውስጥ ካለው ጨው ቆንጠር አድርገው ጨመሩ፣ ከድነው ወዘወዙት። ከዚያ አንድ ካሮት ቀመሱ።

የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«አቸቶው ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሰርክአዲስም ቀመሰች። እሷ ምክንያት አልሰጠችም፤ ጠርሙሱን ብቻ ወደ ራሷ ሳበችው።

እትዬ ገለቴ ይህን አይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ። «አሁንም ጨው ነሳኸው!»

ዛሬም ዓርብ ነው። ካሮቱ ተከትፏል፣ አቸቶው ፈልቷል። ጨዉን አሳንሼዋለሁ። በሩም ክፍት ነው።