በክርስትናው ዕለት የቤዛ ጥርስ

ጥርስ ማለት መንጋጋ ላይ ተተክሎ ምግብ ለመቁረጥ፣ ለመዘንጠልና ለመፍጨት የሚያገለግል፣ ከአጥንት የጠነከረ የአካል ክፍል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሃያ የወተት ጥርስ ይባላሉ፤ ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ተራ በተራ እየተነቃነቁ ይወድቁና በቦታቸው ቋሚዎቹ ይተካሉ። እኔ መካነ ሰላም ውስጥ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ይህን ስናገር ዓመታት አልፈዋል፤ ሥዕሉንም ሰሌዳ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ብስለው አይዛነፍም። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን አንድም ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ጥርስ የሚወድቀው በየትኛው ቀን ነው?» ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ ኖሮ «ቀን አይመርጥም» ብዬ አስቀምጠው ነበር።

ተሳስቼ ነበር። ይመርጣል።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ ልጆችና ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድ ነገር ልበላችሁ። ልጅ ይዞ ማስቀደስ ለብዙዎቻችን ልጁን ዝም ማሰኘት ማለት ነው። ቅዳሜ ማታ እናጥበዋለን፣ እሁድ ማለዳ ነጭ እናለብሰዋለን፣ በሩን ስናልፍ ጀምሮ ደግሞ «እሽ! እሽ!» እንለዋለን። ልጁ ጮክ ብሎ «እማ፣ ያ ሰውዬ ለምን ቆሞ ይተኛል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሰውየው በእርግጥም መቋሚያውን ተደግፎ ተኝቶ እያለ፣ የምንቆጣው የነቃውን ነው። ከዚያ ልጁ አድጎ ጎረምሳ ሆኖ ከቤተ ክርስቲያን ሲርቅ፣ ምን ነካው እያልን እንገረማለን። ምን ይንካው? እሽ ብለነው ነው።

ይህን የምላችሁ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ቆሜ እንዳይመስላችሁ። እኔ ለብዙ ዓመታት የጽዱ ሥር ምእመን ነበርኩ። ከግቢው ዋና በር ገባ እንዳላችሁ በስተቀኝ አንድ ትልቅ ጽድ አለ፤ እዚያ ሥር የምንቆም ሰዎች አለን፤ የመንግሥት ሠራተኞች እንበዛለን። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ፀሐይም ቀድማ የምትደርሰው እዚያ ነው። ለመውጣትም ቅርብ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ።

ታናሽ እህቴ አስካል ወንድ ልጅ ወለደች። ከሐኪም ቤት ይዛው የገባች ዕለት፣ የስድስት ዓመት ልጇ ቤዛ ሕፃኑን ከላይ እስከ ታች ከመረመረችው በኋላ የጠየቀችው «መቼ ነው የሚመለሰው?» ብላ ነበር። አስካልም ልጅ የማባበል ዘዴ አታጣምና፣ «አይመለስም፤ ግን ምንም አያውቅም። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ አብራችሁ ትቆርባላችሁ፤ እንዴት እንደሚቆረብ አንቺ ታሳይዋለሽ» አለቻት።

ይህ ቃል ቤዛን ሌላ ሰው አደረጋት። በሰንበት ትምህርት ቤት የተማረችውን የቅዳሴ ተሰጥኦ፣ ሕዝቡ ለካህኑ የሚመልሰውን ሁሉ፣ በየቀኑ አልጋው አጠገብ ቆማ ለወንድሟ ታስተምረው ጀመር። እሱ ይተኛል፤ እሷ ትደግማለች። አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ስሰማ «አሁን አንተ በል» እያለችው ነበር። ከብዙ ተማሪዎቼ በተሻለ ትኩረት ያያት ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

አርባ ቀኑ እሁድ ላይ ዋለ። ቅዳሜ ከሰዓት ድንኳኑ ተተክሎ፣ አባትየው በሁለቱ በጎችና በሁለቱ አራጆች ላይ ተመድቦ (አንዱ በግ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለእነ ዘሐራ ነው)፣ እኔ ወንበር ስደረድር ቤዛ አፏን ከፍታ መጣች።

«ጋሼ፣ ተነቃነቀ።»

የታች የፊት ጥርስ ነው። በጣቴ ነካ ባደርገው እንደ በር ወዲያና ወዲህ አለ።

ችግሩ ይህ ነው። በእኛ ሥርዓት ደም የሚፈሰው ሰው አይቆርብም። ከቆረበም በኋላ የዚያን ዕለት ደሙ እንዳይፈስ፣ ከአፉም ምንም ነገር እንዳይወጣ ይጠነቀቃል፤ ምራቅ እንኳ አይተፋም። እንግዲህ ያ ጥርስ ቢያንስ እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ ከቦታው መነቃነቅ እንጂ መውጣት አልነበረበትም። ልጅቷ ደግሞ አርባ ቀን ሙሉ ስትዘጋጅ ከርማለች።

መጀመሪያ የደረሰችው ጎረቤታችን ዘሐራ ናት፤ ሽንኩርት ልትከትፍ መጥታ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጣ የቤዛን አገጭ ቀና አደረገችና፣

«ክር አምጡልኝ፤ አሁኑኑ ልንቀለው» አለች።

«ድዷ ቆስሎ ቢያድርስ?» አለች አስካል፣ ሕፃኑን ታቅፋ።

«ያ ረቢ! እሱም አለ ለካ። እንግዲያው ማንም እንዳይነካው። አብሽሪ አስካልዬ፣ እኔ እጠብቃታለሁ።» ወደ ቤዛ ዞረች። «ስሚ አንቺ ልጅ፣ ቆሎ ብትነኪ ወላሂ ለእናትሽ አልናገርም፤ ቀጥታ ለመምሬ ነው የምናገረው!»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የእኛን ሥርዓት ከእኛ አጥብቃ የያዘችው ዘሐራ ሆነች። ቤዛ የእናቷን አጥሚት በማንኪያ እየተጎነጨች እራቷን ጨረሰች። ዳቦ ይዞ በአጠገቧ ያለፈ የጎረቤት ልጅ ተገሠጸ። እኔም «ብዙ አትሳቂ» ብዬ ሳይንሳዊ ምክር ሰጠሁ።

ለማንኛውም ብዬ ለመምሬ አድማሱ ደወልኩ። የቤተሰባችን የንስሐ አባት ናቸው።

«ወጣ?» አሉኝ።

«አልወጣም፣ መምሬ።»

«ደማ?»

«አልደማም።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ምናልባት ሊወጣ ይችላል ብለን ነው።»

«እኔ በምናልባት ሰው ከልክዬ አላውቅም። ይዘሃት ና። ከደማ ያን ጊዜ እናያለን።»

እሁድ ማለዳ ብርዱ ለብቻው ነበር። አስካል ሕፃኑን ታቅፋ፣ የክርስትና አባቱ ከወግዲ መጥቶ፣ እኔ ቤዛን ይዤ በባጃጅ ደረስን። ሕፃኑ ተጠመቀ፤ ውኃው ላይ የጮኸው ጩኸት ጽዱ ሥር ላሉት ያለ ድምፅ ማጉያ ተሰምቷል። አስካልና የክርስትና አባቱ ከሕፃኑ ጋር ወደ ፊት ሄዱ። ቤዛ በእኔ ኃላፊነት ሥር ሆነች፤ በዚህ ምክንያት ውስጥ ገባሁ።

ትእዛዜ ግልጽ ነበር፤ አፍሽን አትክፈቺ፤ ጥርሱን በምላስሽ አትንኪ። ያላሰብኩት ነገር ግን ቅዳሴ መልስ እንደሚፈልግ ነው። ዲያቆኑ ለጸሎት ተነሡ ሲል ሕዝቡ ይመልሳል። ካህኑ ሰላም ለሁላችሁ ሲሉም ይመልሳል። ቤዛ መመለስ ለምዳለች፤ አሁን ደግሞ አፏን ዘግቻለሁ። ስለዚህ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«ምን?»

ከንፈሯን ሳትከፍት በአገጯ ወደ መቅደሱ ጠቆመችኝ። መልስ ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ በድምፅ ማጉያ ለዓመታት የሰማሁትን ነገር አፌ ላይ ስፈልገው አጣሁት። «ም...» ብዬ ጀመርኩና ሌላው ሕዝብ ጨረሰልኝ። ቤዛ ዓይኖቿን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። ከዚያ እጄን ጎትታ ጎንበስ አደረገችኝና በተዘጉ ጥርሶች መካከል፣ «ምስለ መንፈስከ» አለችኝ፤ ለሕፃኑ እንደምትለው ቀስ አድርጋ። «አሁን አንተ በል።»

በሚቀጥለው ጊዜ መለስኩ። ምናልባት ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ ይሆናል፤ ከጎኔ የቆሙ አዛውንት ዞር ብለው አዩኝ።

«እንግዳ ነህ መሰለኝ» አሉ በሹክሹክታ። «ከደጎሎ ነህ?»

«ከዚሁ ነኝ፣ አባባ። እዚሁ ነው የማስተምረው።»

«እሰይ» አሉ፤ ያመኑኝ ግን አልመሰለኝም።

እንዲህ እያልን ብዙ ሄድን። እሷ ትጎሽመኛለች፤ እኔ እመልሳለሁ። ጥርሱ አለ። ሊቆርቡ የሚሰለፉበት ሰዓት ሲቃረብ ሕዝቡ ሰገደ፤ ቤዛም ሰገደች። ሁሉን ነገር ከልቧ የምታደርግ ልጅ ናትና፣ ግንባሯን ልታስነካ ስትል አገጯ ከወለሉ ጋር ተገናኘ። ቀና ስትል እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ ከፈተችልኝ።

ጥርሱ አለ። ከሥሩ ግን ቀጭን፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቀይ መስመር ነበረች።

እስቲ እናንተ በእኔ ቦታ ሁኑ። አርባ ቀን የጠበቀች ልጅ ፊታችሁ ቆማለች። እናቷ ከፊት ሆና ሕፃኑን ይዛ በዓይኗ እየፈለገቻት ነው። የፀጉር ያህል ነገር ነው፤ ከእናንተ በቀር ያየ የለም።

«ምንም የለም» አልኳት።

«አለ።»

«የለም፣ ቤዛዬ።»

«ጨው ጨው ይለኛል» አለች። እጄን ለቃ ሄደች።

ቆራቢዎችን የሚያሰልፉት መምሬ አድማሱ ነበሩ። ስደርስባቸው ቤዛ ቀና ብላ አፏን ከፍታላቸዋለች።

«አባ፣ ደምቷል።»

መምሬ ጎንበስ ብለው አዩ። «ማን ነገረሽ?»

«እኔው አወቅሁት።»

«አጎትሽ አላየውም?»

ቤዛ ዞራ አየችኝ። ጥቂት አሰበች።

«ጋሼ መነጽር አላደረገም» አለች።

መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር።

መምሬም መነጽሬን አዩት። ከዚያ ወደ ልጅቷ ተመልሰው፣ «ዛሬ አይሆንም፣ ልጄ። ለሳምንት ትመጫለሽ» አሏት።

እንባዋ ወረደ። ስታለቅስ ግን አልጮኸችም። «ለወንድሜስ ማን ያሳየዋል?» አለች። «እሱ እኮ ምንም አያውቅም።»

መምሬ ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። ከኋላ ሰልፉ እየገፋ ነው፤ አንድ ሌላ ሕፃን እያለቀሰ ነው።

«ሥራ እኮ አለ» አሉ በመጨረሻ። «ሕፃን ከቆረበ በኋላ የሚያስፈራው ማቅረሸቱ ነው። ዛሬ ከአፉ አንዲት ጠብታ እንዳትወጣ አፉን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። እናትሽ ገና አራስ ናት፣ ደክማለች። አጎትሽ ደግሞ...» መነጽሬን ደግመው አዩት። «...መነጽር የለውም። አንቺ ትችያለሽ?»

ቤዛ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ ከዚያ የነጠላዋን ንጹሕ ጫፍ መርጣ ያዘች።

አስካል ሕፃኑን አቀረበች። ሌሊቱን ጡት ሳይሰጠው ያደረ ነውና ተቆጥቷል፤ ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን አዞረ። ዲያቆኑ ጠበቀ። ካህኑ ጠበቁ። አስካል «እሽ፣ እሽ» ብትለው ጭራሽ ጠነከረ። ይኼኔ ቤዛ ከጎኑ በእግር ጣቶቿ ቆመችና የራሷን አፍ ከዚያ ጥርስ ጋር ወለል አድርጋ ከፈተችለት። ሕፃኑ አያት። እንደ አልጋው ላይ ጊዜ ትክ ብሎ አያት። አፉን ከፈተ።

ቆረበ። እሷም ወዲያው የነጠላውን ጫፍ አፉ ላይ አደረገች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ድግስ የቻልን እንደቻልን በላነው። ቤዛ ከሕፃኑ ራስጌ አልተነሣችም። የክርስትና አባቱ ሊስመው ቢያጎነብስ «አይሳምም! ቆርቧል!» ብላ መለሰችው፤ ሰውየው የገዛ እጁን ስሞ ሄደ። አስካል ስታጠባው «ቀስ፣ እንዳይሞላው» እያለች ትቆጣጠራለች። ምሳዋን የበላችው በአንድ እጇ ነው፤ ዘሐራ ከእኛው በግ ለስለስ ያለውን ፍትፍት አድርጋ ስታጎርሳት፣ ዓይኗ ሕፃኑ ላይ እንደሆነ ታላምጣለች።

«ይቺስ ሰው አይደለችም፣ ዘብ ናት» አለች ዘሐራ። «መምህር፣ እንዲህ ያለ ተማሪ አለህ?»

የለኝም አልኳት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እንግዳው ተመናመነ። ሕፃኑ ተኝቷል፤ ቀኑን ሙሉ አንዲት ጠብታ ከአፉ አልወጣችም። ዘሐራ ልትሄድ ነጠላዋን ስታጣፋ ትዝ አላትና፣ «እስቲ አፍሽን» አለቻት።

ቤዛ ከፈተች። በታች በኩል፣ በፊት፣ ባዶ ቦታ ነበር።

«የት ሄደ?»

«ምኑ?» አለች ቤዛ።

ፈለግነው። ፍራሹ ተራገፈ፣ የሕፃኑ መጠቅለያ ተፈተሸ፣ አባትየው ድንኳኑ ውስጥ በባትሪ ገባ። ልጅቷ መቼ እንደወጣ አታውቅም፤ አልተሰማትም፤ ሥራ ላይ ነበረች። እኔ ስለ ምግብ መፍጫ ሥርዓት ጥቂት ልገልጽ ጀምሬ ዘሐራ አስቆመችኝ።

ሰኞ ድዷ ደርቆ ነበር። በሳምንቱ እሁድ አራታችን ማለዳ ሄድን፤ እኔም ቤዛን ይዤ ውስጥ ገባሁ። አዛውንቱ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝና አጠገባቸው ለነበረው ሰው «የደጎሎው ሰውዬ መጣ» አሉት። አላረምኳቸውም፤ ካህኑ ሰላም ለሁላችሁ ብለው ስለነበር መመለስ ነበረብኝ።

ቤዛና ወንድሟ በዚያን ዕለት አብረው ቆረቡ። ጥርሱ አልተገኘም።