ሊቀ ሻጋታ በቀለም ቤት

ሳይጠሩት አቤት የሚል፣ ሳያማቸው መድኃኒት የሚያዝ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ካለ ተመስገን ይበል። ጨርቅ በቀለም እየነከረች የምትኖረው እህት ግን አልታደለችም፤ ታናሽ ወንድም ተሰጣት። ያውም ተመራማሪ! ማዕረጉን ያወጣችለት ራሷ ናት፦ ክቡር ሊቀ ሻጋታ።

ሰው ዳቦው ሲሻግት ያዝናል፤ ክቡርነታቸው ይፈነድቃሉ። «እንዳትጥይው እታለም! ይሄ እኮ ቀለም ጠጪ ነው!» በእሷ ድስት ሻጋታ ያሳድጋሉ፣ «ሲሞት ይብስ ይጠጣል» እያሉ በእሷ ምድጃ ቀቅለው ይገድሉታል፣ በእሷ የልብስ ገመድ ያሰጡታል። ደንበኛ መጥቶ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጨርቅ ነው?» ሲላት ምን ብላ ትመልስ?

ይባስ ብሎ የሚያንገበግባት፣ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለእሷ ብሎ መሆኑ ነው። ከነከረችበት የሚተርፈው ውሃ በቦዩ ወርዶ ወንዙን አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ያለብሰዋል። ሐሙስ ጠዋት ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ውሃው ካልጠራ የቀለም ቤቷ ይታሸጋል።

ሐሙስ በማለዳ ስትገባ፣ ወንድሟ የደረቀ ሻጋታ በትራስ ልብስ ጠቅጥቆ፣ ከባልዲ በላይ አንጠልጥሎ፣ ቀይ ውሃ እየጨለፈ ያፈስበታል። ያንጎራጉራልም፦

ጠጣልኝ ሻጋታ ቀዩን ከነአተላው፣
ወንዙም ይመለስለት ያ የጥንቱ ገላው።

ከሥር የሚንጠባጠበው የንጋት ጤዛ ይመስላል። ልቧ ቅልጥ አለ። ለአፍታ።

«ከየትኛው በርሜል ነው የቀዳኸው?»

«በጣም ከቀላው ነዋ!»

«አንተ የማትረባ! እሱ እኮ አዲሱ ነው! የሆቴሉን መጋረጃ ልነክርበት ትናንት የበጠበጥኩት! ገና ጨርቅ አልነካውም! ቆሻሻው ያውልህ፣ ከጀርባህ!»

ዞር ብሎ አየው። «እሱ ደብዘዝ ቢልብኝ ናቅሁት።»

«ናቅሁት?! ዓይንህ ይፍሰስ!»

እየተሳደበች ሌላ የትራስ ልብስ ወረወረችለት፤ እየተሰደበ ሻጋታውን ጠቀጠቀ። ቆሻሻው ውሃ መጥራት ሲጀምር ተቆጣጣሪው ከተፍ አለ። ከሚንጠባጠበው በጠርሙስ ቀድቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው፤ በእርካታ ራሱን ነቀነቀ፤ ፈቃዱን ሊፈርም እስክሪብቶውን አወጣ። ድንገት ሽታው ደርሶት አፍንጫውን ያዘ።

«እሜቴ፣ ይሄን ሻጋታ ያሸከመዎት የትኛው እብድ ነው?»

በርሜሉን ታማስልበት የነበረው ማማሰያ እጇ ላይ ቀጥ አለ።

«ማነው እብድ? ስሙኝ ጌታው! ይሄን ልጅ መስደብ የእኔ ድርሻ ነው፤ የእናቱ ልጅ ነኝ! እርስዎ ማን ስለሆኑ? ይውጡልኝ ከቤቴ!»

«እታለም» አለ ወንድሟ ከበርሜሉ ጀርባ በሹክሹክታ፣ «ገና አልፈረመም እኮ።»

«ባይፈርም ይቅር!»