በመምሬ ምናሉ ጀርባ የተመለሰችው ኳስ

ኳስ ሜዳ ላይ ሳለች አየር የተሞላች ቆዳ ናት፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ግን የሚሞላት ወሬ ነው። አየሩ ይተነፍሳል። ወሬው አይተነፍስም። እንዲያውም የእኛ የፎገራ ሩዝ ተጥዶ ሲበስል እንደሚያብጥ ሁሉ፣ በተማሪነት ዘመን የተቆጠረች ጎልም ባለቤቷ ሲያገባ፣ ሲወልድ፣ ቦርጭ ሲያወጣ አብራው ታብጣለች። ለመሆኑ በወጣትነቱ ኳስ ተጫውቶ «እኔ እንኳ መካከለኛ ነበርሁ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። ሁሉም ጉልበቱ ባይከዳው፣ ዳኛው ባይበድለው፣ አባቱ ለሩዝ አጨዳ ባይጠሩት ኖሮ ዛሬ ስሙ ከባሕር ማዶ ይጠራ ነበር።

የኮሌጃችንን ቡድን አጥቂ ይርሳውን ውሰዱ። በፍጻሜው ጨዋታ ያገባት ብቸኛ ጎል፣ በተቆጠረችበት ዓመት፣ ከግቡ አፍ ላይ በጉልበቱ የገፋት ምስኪን ጎል ነበረች። ተመርቀን በተገናኘን ጊዜ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጫፍ የተመታች ሆነች። ይርሳው ሚስት ሲያገባ ወደ ሜዳው አጋማሽ አፈገፈገች። በዚህ አያያዟ ከርሞ ከወረታው የደብረ ታቦር መገንጠያ ተነሥታ፣ በባጃጆቹና በከባድ መኪኖቹ መካከል ተሽሎክልካ መረብ ብትነካ አይደንቀኝም።

የቡድናችን እውነተኛ ቅርስ ግን የገባችው ኳስ አይደለችም፤ ያልገባችው ናት።

ታሪኩን ሁላችንም እንዲህ ነበር የምንተርከው። ጊዜው የዐቢይ ጾም ነበር። ከይፋግ ከመጡ ወጣቶች ጋር ለዋንጫ ገጠምን። ግማሾቻችን እህል ሳንቀምስ ነበር የገባነው፤ አሠልጣኛችን «ቢያንስ ውኃ!» እያለ ሲማጸን፣ በረኛችን ዲያቆን ምናሉ «ጾመኛ በረኛ ቀላል ነው፤ ይዘላል» ብሎ ሲያሥቀን ትዝ ይለኛል። አንድ ለዜሮ እየመራን ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃ ሲቀረው፣ ጌትነት የሚባል የይፋግ አጥቂ እንደ ጥጃ እየፈነጨ መጣ። የመጨረሻው ተከላካይ እኔ ነበርሁ። ስለ እኔ ብዙ አትጠይቁ፤ ወድቄ ሣር እያጠናሁ ነበር። በዚያች ቅጽበት ከግቡ ወዲያ ካለው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴ ደወል ተደወለ። ምናሉም ኳስ አላለ፣ ዋንጫ አላለ፣ ጀርባውን ለዓለም ሰጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጎንበስ ብሎ ተሳለመ። ጌትነት መታት። ጎንበስ ያለውን ዲያቆን ጀርባውን አግኝታው ነጥራ ወጣች። ፊሽካ! አሸነፍን! የተሳለመውን ዲያቆን ሚካኤል በገዛ ጀርባው ግቡን አስጠበቀው! ማን የት እንደቆመ በማይታይበት አቧራ ውስጥ ተቃቅፈን ስናለቅስ፣ ያልጾሙት እንኳ ጾመኛ መስለው ነበር።

ምናሉ ተመርቆ በእንስሳት እርባታ ባለሙያነት ሥራ አግኝቶ ነበር። ጥቂት ሠራና ትቶት ወደ አብነት ትምህርት ቤት ገባ፤ ዛሬ የቁሐር ሚካኤል ካህን መምሬ ምናሉ ናቸው። ለምን እንደተዉት ማንም አልጠየቃቸውም። መልሱን ሁሉም ያውቀው ነበራ! ያች ኳስ ናት። እናታቸው በመጀመሪያ «ደመወዝ ትቶ!» ብለው አልቅሰው፣ ኋላ ግን «ሚካኤል ራሱ ጀርባውን ነክቶ ከጠራው እኔ ማን ነኝ?» ብለው ተጽናኑ። እርሳቸው ግን ታሪኩ ሲነሣ ፈገግ ከማለት በቀር ቃል አይተነፍሱም። እኛም ትሕትና ነው እንላለን።

ይርሳው ዛሬ ቁሐር ላይ ሩዝ አምራች ገበሬ ነው። ባለፈው ጥር ልጁን ክርስትና አስነሥቶ ጠራን። ያጠመቁት መምሬ ምናሉ ናቸው። ከእንግዶቹ መካከል ደግሞ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ጌትነት! ያ የይፋግ አጥቂ! ይርሳው የጌትነትን እኅት ጥሩዬን አግብቶ ሜዳ ላይ ያሸነፈውን ሰው አማቹ አድርጎታል። ጌትነት ዛሬ እህል ነጋዴ ነው፤ ፊቱ ደልቦ ደረቱ ሰፍቷል።

ጠላው ሲደጋገም ይርሳው ተነሣ። መጀመሪያ የራሱን ጎል አገባ፤ ከሜዳው አጋማሽ። ከዚያ ወደ ደወሉ ደረሰ። ድምፁን ዝቅ፣ ወገቡን ጎንበስ አድርጎ፣ የመምሬን ጀርባ በራሱ ጀርባ አሳይቶ «ጧ!» ሲል፣ ሽማግሌዎቹ «እሰይ ሚካኤል!» አሉ። እኔም መቶ ጊዜ የሰማሁት ሰው ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

«ያች ኳስ ወደ ውጭ ነበረች» አለ ጌትነት።

«ምን አልህ?» አለ ይርሳው።

«ወደ ውጭ። ከእግሬ ስትወጣ አውቄያታለሁ። መምሬ ባይኖሩም አትገባም ነበር። ዝም ብዬ እስከ ዛሬ ሰማሁ፤ ግን ክርስትና ቤት ውሸት ነውር ነው።»

እናንተዬ፣ የዚያን ጊዜ የሁላችን ዓይን የት እንደሄደ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የአንድ ሰው ሕይወት በአንዲት ኳስ ላይ እንደ ቤት ተሠርቷል፤ ሥራው፣ ክህነቱ፣ የእናቱ መጽናኛ። አሁን የጌትነት አፍ ምሰሶውን ያዘና ነቀነቀው። ኳሷ ወደ ውጭ ከነበረች ሚካኤል ምን አደረገ? ሚካኤል ምንም ካላደረገ ምናሉ ምን አደረገ? መምሬ ግን ጥምጥማቸውን አስተካክለው ብርጭቋቸውን በእርጋታ አስቀመጡ።

«አማችነትህ እስከ በር ድረስ ነው!» ሲል ይርሳው ጮኸ። «ውጣ! ሜዳ ይፍረድ!»

«እንውጣ!»

ኳስ ከየት መጣ አትበሉ፤ የይርሳው ቤት ግድግዳ ከቅዱሳን ሥዕል ቀጥሎ የሚሸከመው ኳስ ነው። ከጓሮው ያለው የሩዝ ማሳ ታጭዶ፣ ክረምት ሙሉ ውኃ ሲተኛበት የከረመው መሬት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከብቶቹን ከቃርሚያው ላይ አባርረን ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ተከልን። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ክርስትና እናቲቱ ሳትቀር ሁሉም ግልብጥ ብሎ ወጣ። ለእኔም ታሪኩ እንዳይዛባ፣ በዚያ ቀን በወደቅሁበት ቦታ እንድተኛ ተፈረደብኝ። ነጭ ሱሪ ለብሼ ነበር። ተኛሁ። ለእውነት ሲባል ሱሪ ምንድን ነው?

ይርሳው መምሬን በክብር ክንዳቸውን ይዞ ከግቡ መሐል አቆማቸው።

«እዚህ ነበርህ... ይቅር ይበሉኝ መምሬ፣ እዚህ ነበሩ።»

መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው በቀኝ ቋሚው በኩል ወጡ፤ አልፈውትም ፈቀቅ አሉና ቆሙ።

«እዚህ ነበርሁ።»

«ኧረ መምሬ! እዚያማ ግብ አይደለም!»

«አዎ፣ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ይሠሩ ነበር?»

«እሳለም ነበራ!» አሉ መምሬ። «ያን ቀን ከግቡ ጀርባ ሕዝቡ ተኮልኩሎ ቆሟል። ቤተ ክርስቲያኑ ከእነርሱ ወዲያ ነው። ከግቡ መሐል ሆኜ ጎንበስ ብል ለሰው የምሰግድ ይመስላል። ስለዚህ ክፍት ቦታ ፈልጌ ከቋሚው ውጭ ወጣሁ። ኳሷ እዚያ ድረስ መጥታ መታችኝ።»

እኔ መሬት ላይ እንደተኛሁ አሰላሁ። ይርሳውም ቆሞ አሰላ። በረኛው ከቋሚው ውጭ ከነበረ፣ ኳሷም ከቋሚው ውጭ ያገኘችው ከሆነ፣ ግቡ ውስጥ የነበረው... ከሁላችን ቀድማ የደረሰችበት፣ ልጇን የታቀፈችው ጥሩዬ ናት።

«እንዴ ወንድሜ! ባዶ ግብ ነው የሳትኸው?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ አበው። የጌትነት ሁለቱም በአንድ ቀን ታወቀ፤ ላብ ሊጠርግ ባርኔጣውን አውልቆ ነበርና። ለካ ይፋግ ውስጥ እስከ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ያልተዘባበተበት በሚካኤል ጥላ ነበር! «ከመልአክ ጋር ምን ትግል አለው» እያሉ ሲያጽናኑት፣ ሲጋብዙት ኖረዋል። በገዛ አፉ ተአምሩን አፈረሰና ፍርስራሹ በራሱ ላይ ተናደ። ሣቁ ከማሳው ተነሥቶ ከብቶቹን አስበረገጋቸው። ሽማግሌዎቹ በበትራቸው ተደግፈው በሣቅ አነቡ።

ይርሳው ግን አልሣቀም። ለኳስ የታመነ ሰው ነውና ፊቱ ጠቁሮ ወደ መምሬ ቀረበ።

«ያውቁ ነበር ማለት ነው። ለምን ዝም አሉ?»

«ብናገር ማንን ነበር የማሳፍረው?» አሉ መምሬ፣ በዓይናቸው ወደ ጌትነት እያመለከቱ።

«እሺ እርሱስ ይሁን። ተአምር ካልነበረ ግን ለምን ቀሰሱ? ያን ሁሉ ትምህርት፣ ያን ደመወዝ?»

መምሬ ምናሉ ሣቁ፤ በዚያ ጾም ሜዳ ላይ ያሥቀን የነበረው የበረኛው ሣቅ።

«አንተ ይርሳው፣ የዋንጫ ጨዋታ ሊያልቅ ደቂቃ ሲቀረው፣ ደወል ሰምቶ፣ ግቡን ባዶ ጥሎ፣ ምቹ መሳለሚያ ፍለጋ የሚሄድ ሰው በረኛ ነው? እስቲ ፍረድ! በዚያች ቀን ኳሷ ከጀርባዬ ስትላተም ያወቅሁት እርሱን ነው። እግሬ ሜዳ ላይ ነበር እንጂ ሰውዬውስ ቤተ ክርስቲያን ከገባ ቆይቷል። ሰው በወደደው ይቆርባል።»

ይርሳው ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ፤ እኔም ከተኛሁበት ተነሥቼ፣ አቧራ ሆኜ፣ ተከተልሁት። ዓመታት ሙሉ ያወራናት ኳስ ትንሽ ሆና፣ ያላየነው ሰው ትልቅ ሆኖ ታየኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር፣ ጌትነት ቢተወው። አልተወውም።

«ቆይ! ቆይ! ያን ጊዜ ነፋስ ነበር፤ ጫማዬም የሰው ነበር። አሁን እዚሁ አገባታለሁ፣ እዩ!»

ኳሷን አስቀመጠ። ግቡ ባዶ ነው። መምሬ በፈቃዳቸው ወደ ተመልካቹ ተቀላቀሉ። ጥሩዬ የልጇን ዓይን ሸፈነች። ጌትነት ተንደረደረ፣ መታ፤ ኳሷም ከቋሚው በክንድ ያህል ርቃ፣ በባዶው አየር ሽው ብላ፣ ከላሞቹ መካከል ገባች።

መምሬ ምናሉ መስቀላቸውን ወደ ላይ ከፍ አደረጉ።

«ወገኖቼ፣ ሁላችሁም ምስክር ሁኑ» አሉ። «በዚህችስ ሚካኤል የለበትም!»