ዋጋ በውስጥ መስመር

ሙከሚል፦ ድምፁን አጥፍተኸዋል።

በከር፦ አላጠፋሁትም።

ሙከሚል፦ አጥፍተኸዋል አልኩህ። ስታነሣው ጎኑን ነክተኸዋል። ይኼ ስልክ ጎኑ ሲነካ ይኮርፋል።

በከር፦ ልደውልበትና እንየው።

(በከር በራሱ ስልክ ይደውላል። በተገለበጠ ባልዲ ላይ የተቀመጠው የሥራ ስልክ ክፍሏን በጩኸት ይሞላታል። ሙከሚል ሦስት ጊዜ እስኪጠራ ድረስ ጆሮውን ቀስሮ ይሰማል።)

ሙከሚል፦ አንተ ስትደውል ነው የሚጮኸው።

(ጌጃ ሰፈር ነው፤ ከአንድ ብየዳ ቤት ጀርባ ያለች የኪራይ ክፍል። ሙከሚል ድስት፣ ትሪና ፔርሙዝ በቴሌግራም የሚሸጥበት ቻናል አለው። በከር አብሮ አደጉ ነው፤ ረዳት አድርጎ ከቀጠረው አሥራ አንደኛ ቀኑ። ሙከሚል ስልኩ ላይ አፍጦ፣ ጀርባውን ለዕቃው መደርደሪያ ሰጥቶ ተቀምጧል። የግል ስልኩን ካጠፋው ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ የንግድ ሥልጠና የሚሰጠው አሠልጣኝ «ሐሳብህን ከሚበትን ነገር ራቅ» ብሎታል። የሥራው ስልክ ግን ለአራት ወር ሩብ ሰዓት ዝም ብሎ አያውቅም ነበር። ዛሬ ከረፋዱ ጀምሮ ጸጥ ብሏል፤ የሙከሚልም ልብ አብሮት ጸጥ ሊል ምንም አልቀረውም።)

ሙከሚል፦ በቀን ሁለት መቶ ሰው «ስንት ነው?» ይለኝ ነበር። አሁን አንድ ሰው የለም። ሞተናል ማለት ነው።

በከር፦ ሁለት መቶ ሰው ሲጠይቅህም ሞትኩ ትል ነበር።

ሙከሚል፦ ያ ከሥራ ብዛት መሞት ነው። ይኼ ሥራ አጥቶ መሞት ነው። ልዩነቱን ሥልጠናው ላይ አስተምረውናል።

በከር፦ ስንት ቀን ፈጀ?

ሙከሚል፦ ምኑ?

በከር፦ ልዩነቱን ለመማር።

ሙከሚል፦ አታሹፍ። እኔ ባልሠለጥን አንተ ሥራ አታገኝም ነበር። «አንድ ነጋዴ ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ራሱ መሥራት የለበትም» ተባልኩ፤ ያን ዕለት ማታ ጠራሁህ። የሥራ ክፍፍሉንም በወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩልህ። ያቻትና። አንብባት።

በከር፦ (ከግድግዳው ላይ እያነበበ) «አንድ፤ በከር ለደንበኛ መልስ ይሰጣል፣ ከሙከሚል ጋር ተነጋግሮ። ሁለት፤ በከር ዕቃ ያሽጋል፣ ሙከሚል ካየው በኋላ። ሦስት፤ በከር ፕላስተር ይቆርጣል።»

ሙከሚል፦ አየህ? ሦስተኛውን ሙሉ በሙሉ ለቅቄልሃለሁ።

በከር፦ ትናንት አረዘምከው ብለህ ስድስት ጊዜ ቀማኸኝ።

ሙከሚል፦ መቁረጡን ነው የለቀቅኩልህ፤ ርዝመቱን ማን ሰጠህ?

(በከር ዝም ሲል ሰው አልገባውም ይለዋል፤ እሱም ሰውን አያርምም።)

ሙከሚል፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

በከር፦ አሥር ሊሆን ነው። ሙኬ፣ ዛሬ ለሪሀና ሽማግሌ የሚሄድበት ቀን አልነበረም?

ሙከሚል፦ በቁስሌ እንጨት አትስደድ። ሁለት ጊዜ ቀጥሬ ቀርቻለሁ። በመጀመሪያው ትሪ የገባበት ቀን ሆነብኝ፤ በሁለተኛው በር ላይ ደርሼ አንዷ «ድስቱ ስንት ነው?» ብላ ስትጽፍልኝ ተመለስኩ። አባቷ «ሦስተኛ ከቀረ ሌላ በር ያንኳኳ» ብለዋል።

በከር፦ ታዲያ አምስት ሰዓት ላይ ለሽማግሌህ ለሐጂ ሙስአብ ደውልና አይመቸውም በል ያልከኝ ለምንድነው?

ሙከሚል፦ ስልኩ እንዲህ ሆኖ ምን ብዬ ልሂድ? «ሥራህ ምንድነው?» ቢሉኝ ምን ላሳያቸው ነው? ባልዲውን? ለመሆኑ ሐጂ ምን አሉህ?

በከር፦ «እሱን ማን ጠራው?» አሉኝ።

ሙከሚል፦ (ራሱን ይዞ) ተቀይመዋል።

በከር፦ የተቀየሙ አልመሰለኝም። እየሳቁ ነው የዘጉት።

ሙከሚል፦ ሽማግሌ ሲቀየም ይስቃል። አለቀልኝ በቃ።

በከር፦ ብቻቸውን ለምን አይሄዱም ነበር ግን?

ሙከሚል፦ ብቻቸውን ሄደው ምን ሊሉ? ንግግሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሰባት ነጥብ አለው። ሐጂ ሙስአብ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ነው የሚያወሩት።

በከር፦ ሽማግሌ የሚላከው እኮ ልጁ እንዳይናገር ነው።

ሙከሚል፦ አንተ የድሮውን ነው የምታወራው። ተወው፤ አይገባህም። ስልኩን አምጣና ቻናሉን እንየው። ምናልባት ሰው ወጥቶብን ይሆናል።

(በከር ስልኩን ይሰጠዋል። ሙከሚል ቻናሉን ይከፍታል፤ ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል።)

ሙከሚል፦ በከር።

በከር፦ አቤት።

ሙከሚል፦ ከድስቱ ሥር ቁጥር ይታየኛል።

በከር፦ ዋጋው ነው።

ሙከሚል፦ ዋጋው መሆኑንማ አየሁ። እዚህ ምን ይሠራል?

በከር፦ ጻፍኩት። አብነት ሰፈር ካልሲ ስሸጥ ዋጋውን ካርቶን ላይ ጽፌ እሰካ ነበር። ሰው አንብቦ የተስማማው ያነሣል፤ ያልተስማማው ያልፋል። ጉሮሮዬም አይደርቅም።

ሙከሚል፦ ከሁሉም ሥር?

በከር፦ ከሁሉም። ትናንት ከመግሪብ በኋላ አንተ ስታንቀላፋ ጀምሬ ጠዋት ጨረስኩት።

ሙከሚል፦ (ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚመክር) ስማኝ ወንድሜ። በዚህ አገር ሰው በስልክ ሲሸጥ ፎቶ ይለጥፋል፣ ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ደንበኛው ለብቻው ይጽፍልሃል። ሰላም ትለዋለህ። ሰላም ይልሃል። «ቤተሰብ ደህና ነው?» ትለዋለህ። ከዚያ ነው ዋጋ። ይኼ ሥርዓት ነው።

በከር፦ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ።

ሙከሚል፦ አዎ።

በከር፦ ፕሮፋይላቸው ላይ የጽጌረዳ ፎቶ የለጠፉት ሰውዬስ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ከፔርሙዙ ሥር «ስንት ነው?» እያሉ ሲጽፉ አንተ «በውስጥ መስመር» እያልክ ስትመልስ ነበር። ውስጥ መስመር የት እንደሆነ ያወቁት አይመስለኝም።

ሙከሚል፦ ካላወቁ ይጠይቃሉ።

በከር፦ ሲጠይቁ በውስጥ መስመር ትላለህ።

ሙከሚል፦ ቆይ፣ ይኼ ደግሞ የማን ቁጥር ነው? ከዋጋው አጠገብ ያለው?

በከር፦ የቤካ። ባለሞተሩ። «የሚፈልግ ለቤካ ይደውል» ብዬበታለሁ። ድሮም ደንበኛ ላንተ ይነግርሃል፣ አንተ ለኔ ትነግረኛለህ፣ እኔ ለቤካ እነግረዋለሁ፤ ቤካ ደግሞ ቤቱ ሲጠፋበት ላንተ ይደውላል።

ሙከሚል፦ ከማን ጋር ተነጋግረህ?

በከር፦ ልነጋገር ነበር፤ አንተ ስልክ ላይ ነበርክ። እስካሁንም ስልክ ላይ ነህ።

(ሙከሚል ይነሣል። ሰው ተቆጥቶ ሲነሣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሙከሚል ግን ሥልጠናው ላይ «ሠራተኛ ሲሰናበት በጨዋነት ነው» ስለተባለ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።)

ሙከሚል፦ አቶ በከር፣ ላገለገልክበት ጊዜ አመሰግናለሁ። ጃኬትህን አንሣ። ደንበኞቼን በአንድ ሌሊት አባረርክ፤ ሽማግሌዎቼን አስቀየምክ። ይኸው ሱቄ ሞልቶ ደንበኛ የለኝም።

በከር፦ እሺ። ሲሄድ ሰው ይሰናበታል ብዬ ነው እንጂ አልናገርም ነበር። ዞር በል እስቲ።

ሙከሚል፦ ወዴት?

በከር፦ ወደ ሞላው ሱቅህ።

(ሙከሚል ዞር ይላል። መደርደሪያው ላይ ሁለት ትሪና አንድ ክዳን ብቻ ቀርተዋል። ክዳኑ ያለ ድስት ነው። ቆሞ ያየዋል፤ ሄዶ ክዳኑን አንሥቶ ሥሩን ያያል፤ መልሶ ያስቀምጠዋል።)

ሙከሚል፦ ተሰረቅን?

በከር፦ ተሸጠ። ቤካ ከጠዋት ጀምሮ አራቴ ተመላለሰ። ሁለቴ እግርህን አነሣህለት።

ሙከሚል፦ ድመት መስሎኝ... ብሩስ?

በከር፦ ባንክህ ገብቷል። የግል ስልክህን ብትከፍተው መልእክቱን ታየው ነበር።

(ሙከሚል ይቀመጣል። ደስ ሊለው ይፈልጋል፤ ፊቱ ግን እንዴት እንደሚጀመር ጠፍቶታል። ወዲያው ደግሞ ጠቆር ይላል።)

ሙከሚል፦ ስለዚህ ጠዋት ነፃ ነበርኩ።

በከር፦ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ።

ሙከሚል፦ መሄድ እችል ነበር። ሰባቱንም ነጥብ። ባዶ ስልክ ስጠብቅ ሪሀናን አጣኋት።

(ባልዲው ላይ ያለው ስልክ አንድ ጊዜ ድምፅ ያሰማል። ሁለቱም አይነቃነቁም።)

ሙከሚል፦ አንተ እየው። እኔ አልችልም።

በከር፦ ተባርሬያለሁ እኮ።

ሙከሚል፦ አይተህ ትባረራለህ።

በከር፦ (ስልኩን አንሥቶ) የጽጌረዳው ሰውዬ ናቸው። ከፔርሙዙ ፎቶ ሥር ጽፈዋል፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ። ላንብብልህ?

ሙከሚል፦ ክዳኑ ፈሰሰ ብለው ነው። አንብብ።

በከር፦ «ሰላም ልጄ ሙከሚል። ፔርሙዙ ጠዋት ደርሶናል፤ ዋጋውን ስላሳወቅኸን እናመሰግናለን። ሐጂ ሙስአብም ሰዎቻቸውን ይዘው ስምንት ሰዓት ላይ ደርሰው ሻይ በእሱ ቀድተንላቸዋል። ሁለት ጊዜ ለምን እንደቀሩ ጠየቅናቸው፤ ‹ልጁ አብሬ ልምጣ እያለ አስቸግሮን ነው፤ ዛሬ አይመቸኝም ሲል ቶሎ ብለን መጣን› አሉን። ሪሀናን ሰጥተንሃል።»

(ሙከሚል አፉን ይከፍታል፤ ከሰባቱ ነጥብ አንዱም አይወጣም።)

ሙከሚል፦ ቀኑስ? ኒካሁ መቼ ነው ይላሉ?

በከር፦ ጽፈዋል። «ቀኑ በውስጥ መስመር።»

(ሙከሚል ስልኩን ይቀማዋል፤ በሁለት አውራ ጣቱ ይጽፋል፤ ይልካል። መልስ የለም። ባልዲውን ወደ ፊቱ ስቦ ስልኩን በላዩ ያስቀምጥና እንደ ጠዋቱ ያፈጥበታል። በከር ጃኬቱን ይለብሳል።)

ሙከሚል፦ ወዴት ነው? አልተባረርክም፤ ተመለስ። ና አብረን እንጠብቅ።

በከር፦ ይኼ ለሰው የሚሰጥ ሥራ አይደለም ሙኬ። እኔ ድስት ላመጣ መርካቶ ልሂድ። አንተ መጀመሪያ ሰላም በላቸው። ከዚያ «ቤተሰብ ደህና ነው?» በላቸው።