የጤነኛው ንጋቱ የስልክ ምርመራ

ንጋቱና ውብነሽ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። ዘመኑ በፈረንጆቹ 2012 ነው። እሱ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ሲሆን የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ሱፐርቫይዘር ነው፤ ከነገሩት ሩቡን ያዳምጥና ሦስት እጥፉን ያስረዳል። እሷ አሌክሳንድሪያ አንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንቶችን ስትንከባከብ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ንግግሯ ዝግ ያለ ስለሆነ ባሏ አእምሮዋም ዝግ ያለ ይመስለዋል። ያን ቅዳሜ ጠዋት ንጋቱ ገና ሳይነጋ ነው የነቃው። አራት ሰዓት ላይ አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ለሁለቱም በስልክ ኢንተርቪው ሊያደርግላቸው ቀጠሮ ይዟል፤ ሚስቱ የምታሳፍረው መስሎት ሰግቷል።

(ሳሎን። ንጋቱ ሶፋው ውስጥ ሰምጦ ተቀምጧል። ውብነሽ ጠረጴዛው ጋ ሆና ፎርም ትሞላለች።)

ንጋቱ፦ በጥቁር ነው ያልኩሽ! ጥቁር!

ውብነሽ፦ ሰማያዊም እኮ ይነበባል።

ንጋቱ፦ አይነበብም! የኢንሹራንስ ሰው ሰማያዊ ሲያይ «ይቺ ሴትዮ መመሪያ አትከተልም» ብሎ ይይዝብሻል።

ውብነሽ፦ ጥቁሩን አንተ ኪስህ ውስጥ ከተኸው እኮ ነው።

ንጋቱ፦ እሱ ለፊርማ ነው! ፊርማና ፎርም አንድ ነው እንዴ?

ውብነሽ፦ እሺ። ይሄ ነገር ግን ምን እንደሚያደርግልን እስቲ ድገምልኝ።

ንጋቱ፦ ለሦስተኛ ጊዜ? ሎንግ ተርም ኬር ኢንሹራንስ ይባላል። እድር ታውቂያለሽ አይደል?

ውብነሽ፦ የእድራችን ጸሐፊ አንተ አይደለህ?

ንጋቱ፦ ጎሽ። እድር ስትሞቺ ነው የሚደርስልሽ። ይሄኛው ደግሞ አልሞት ብለሽ ስታስቸግሪ ነው።

ውብነሽ፦ እኔ ነኝ የማስቸግረው?

ንጋቱ፦ ለምሳሌ ነው! አርጅተሽ ራስሽን መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት ሲያቅትሽ አስታማሚ ይቀጥሩልሻል፤ ወይ የነርሲንግ ሆሙን ይከፍሉልሻል። ስድስት ነገር አለ፤ ከስድስቱ ሁለቱ ካቃተሽ በቃ፣ መክፈል ይጀምራሉ።

ውብነሽ፦ እሱንማ እኛ ጋ...

ንጋቱ፦ ቆይ አታቋርጪኝ! መጀመሪያ ነርሲንግ ሆም ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳሽ።

ውብነሽ፦ (አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበትን ነገር ለመማር እጇን አጣጥፋ) እሺ፣ አስረዳኝ።

ንጋቱ፦ ነርሲንግ ሆም ሆስፒታልም አይደለም፣ ሆቴልም አይደለም። ሽማግሌው ሲገባ በር ላይ አበባ ይሰጡታል።

ውብነሽ፦ አበባ?

ንጋቱ፦ አበባ! በቪዲዮ አይቻለሁ።

ውብነሽ፦ እኛ ጋ ዳይፐር ነው የምንሰጠው።

ንጋቱ፦ የናንተ ርካሹ ይሆናል።

ውብነሽ፦ (ወረቀቱን ገልጣ) እዚህ ላይ «ኤሊሚኔሽን ፒሪየድ፣ ዘጠና ቀን» ይላል። ማንን ነው ኤሊሚኔት የሚያደርጉት፣ የሚያስወግዱት?

ንጋቱ፦ (አያውቀውም፤ «አላውቅም» ማለትንም አያውቅበትም) እሱማ... በሽተኛውን ዘጠና ቀን ይታገሱታል።

ውብነሽ፦ ከዚያስ?

ንጋቱ፦ ከዚያማ... ኤሊሚኔት።

ውብነሽ፦ ይገድሉታል?

ንጋቱ፦ ከሊስት ነው! ከሊስት ይሰርዙታል!

ውብነሽ፦ ለሚሰርዘን ሰው ነው ታዲያ በየወሩ የምንከፍለው? እኔ እንኳ የማውቀው፣ የመጀመሪያውን ዘጠና ቀን ቤተሰብ ከኪሱ ይችላል፤ ኩባንያው ከዚያ በኋላ ይረከባል። የበሽተኞቻችን ልጆች ሲነጋገሩ ሁልጊዜ እሰማለሁ።

ንጋቱ፦ እሱ የድሮው ሕግ ነው።

ውብነሽ፦ ይሁን። ግን አንተ የመኪና ኢንሹራንስ ስትከፍል እንኳ ራስህን ያምሃል። ይሄን ምን አስወደደህ?

(ንጋቱ መስኮት መስኮቱን ያያል።)

ንጋቱ፦ ያለውን አይቼ ነዋ።

(ያለው የንጋቱ የልብ ጓደኛ ነው፤ ታኮማ ፓርክ ከተማ ይኖራል። አምና ስትሮክ መቶት ዊልቸር ላይ ቀርቷል። ሚስቱ ሥራዋን ለቃ እሱን ትጠብቃለች፤ ልጁ ከኮሌጅ ስትመለስ ታጥበዋለች።)

ንጋቱ፦ ባለፈው እሁድ ልጠይቀው ሄጄ ምን አለኝ መሰለሽ? «ንጋቱ፣ መሞት አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ልጄ ሸሚዜን ስታወልቅልኝ ነው» አለኝ። እኛም ያለችን አንድ ልጅ ሩሃማ ናት፤ እሷም ሄርንደን ከተማ መንታ ታቅፋ እንቅልፍ አጥታለች። እሷ ላይ መውደቅ አልፈልግም። አንቺም ላይ።

ውብነሽ፦ (እስክሪብቶውን አስቀምጣ) አንዳንዴ እኮ ደህና ነገር ይወጣሃል።

ንጋቱ፦ ለዚህ ነው እንዳታበላሺብኝ የምልሽ! ባልና ሚስት አንድ ላይ ካለፍን ዲስካውንት አለው። አንቺ ከወደቅሽ ዲስካውንቱም ወደቀ።

ውብነሽ፦ ምን ሆኜ እወድቃለሁ?

ንጋቱ፦ የማስታወስ ፈተና አለ። አሥር ቃል ይነግሩሽና ወሬ አስረስተውሽ መልሰው ይጠይቁሻል። ነይ እንለማመድ። አንድ፦ ድልድይ።

ውብነሽ፦ የቱ ድልድይ?

ንጋቱ፦ ዝም ብሎ ድልድይ!

ውብነሽ፦ ወደ አሌክሳንድሪያ የምሻገርበት ነው? እሱ እኮ በዚህ ሰዓት ትራፊኩ...

ንጋቱ፦ ትራፊክ የለበትም! ባዶ ድልድይ ነው! ሁለት፦ ድመት።

ውብነሽ፦ ድልድዩ ላይ?

ንጋቱ፦ ድመቷና ድልድዩ አይተዋወቁም! ሦስት፦ ዣንጥላ።

ውብነሽ፦ አሁን ገባኝ። ዝናብ ጥሎ ነው መንገዱ ባዶ የሆነው።

ንጋቱ፦ (ራሱን ይዞ) ወድቀሻል! በሦስተኛው ቃል ወድቀሻል! በቃ፣ መጀመሪያ እኔ ነኝ የማናግራቸው፤ አንቺ ጎኔ ቁጭ ብለሽ እንዴት እንደሚመለስ ተማሪ።

(ስልኩ ይጮኻል። ንጋቱ ስፒከር ላይ ያደርገዋል። ከወዲያ ማዶ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ የምትጠይቅ የኩባንያው ነርስና ትህትና የምትባል ወጣት አስተርጓሚ።)

ትህትና፦ ጤና ይስጥልኝ አባቴ። ትህትና እባላለሁ፣ አስተርጓሚ ነኝ። እርስዎ ያሉትን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ለነርሷ አስተላልፋለሁ።

ንጋቱ፦ ውይ የኔ ልጅ፣ ተባረኪ! ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?

ትህትና፦ (በእንግሊዝኛ ትናገራለች፤ መልስ ትሰማለች) ነርሷ «የእኔን አባት አያውቋቸውም፣ ወደ ጥያቄው እንሂድ» ትላለች።

(የማስታወሱ ፈተና ይጀመራል። ንጋቱ ከአሥሩ ቃል ስምንቱን መለሰ። ስምንት ጣቱን አውጥቶ ለሚስቱ አሳያት። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። እዚያው ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን አማርኛው ጣፍጦታል፣ «አንቱ» መባሉም ልቡን አሙቆታል።)

ትህትና፦ መድኃኒት ይወስዳሉ፣ አባቴ?

ንጋቱ፦ የደም ግፊት፣ አንዲት ፍሬ።

ትህትና፦ ሰዓቱን ጠብቀው ራስዎ ነው የሚወስዱት?

ንጋቱ፦ እኔ? ምን በወጣኝ! ባለቤቴ ከነውሃው አምጥታ መዳፌ ላይ ታስቀምጥልኛለች። ስሙን እንኳ አላውቀውም።

ውብነሽ፦ (በሹክሹክታ) ንጋቱ፣ ተው።

ንጋቱ፦ (በእጁ ዝም እያሰኛት) የዛሬ ልጆች ትዳር ምን እንደሆነ አታውቁም፣ የኔ ልጅ!

ትህትና፦ ገላዎንስ ራስዎ ይታጠባሉ?

ንጋቱ፦ ጀርባዬን የምታሸኝ እሷ ናት። እግሬንማ ቅዳሜ ቅዳሜ በሞቀ ውሃ ታጥበኛለች።

ትህትና፦ ልብስ መልበስስ?

ንጋቱ፦ አልጋው ላይ ተዘርግቶ ነው የሚጠብቀኝ። ካልሲዬን ደግሞ ተንበርክካ ታጠልቅልኛለች፤ ሆዴ አያስጎነብሰኝም።

(ውብነሽ ጣቷን አንገቷ ላይ ደጋግማ ታሳልፋለች፤ «ቁረጠው» ማለቷ ነው።)

ንጋቱ፦ (ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ) ሀብል ነው? ለፋሲካ እገዛልሻለሁ፤ አሁን አትረብሺኝ!

ትህትና፦ ከተቀመጡበት ለመነሳት አይቸገሩም?

ንጋቱ፦ ይሄ ሶፋ ሰው ይውጣል። «ውቤ!» ስላት መጥታ በሁለት እጇ ትጎትተኛለች።

ትህትና፦ ምግብስ? ራስዎ ይመገባሉ?

ንጋቱ፦ (ደረቱን ነፍቶ) አሁን ገና ጠየቅሽኝ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሷ ሳታጎርሰኝ ማዕድ ቀርቤ አላውቅም!

(ትህትና «ጉርሻ»ን የሚያክል የእንግሊዝኛ ቃል ፍለጋ ትሄዳለች። አጥታ ስትመለስ «በእጇ ነው የምታበላቸው» ብላ ለነርሷ ትነግራታለች። ከወዲያ ማዶ የኪቦርድ ድምፅ እንደ በረዶ ይወርዳል።)

ንጋቱ፦ (በደስታ) ትሰሚያለሽ? እየጻፈችው ነው!

ውብነሽ፦ እየሰማሁ ነው።

ትህትና፦ ነርሷ «እናመሰግናለን፣ ከበቂ በላይ ነው» ትላለች። ባለቤትዎ ይቅረቡልን። እናቴ፣ ለመታጠብ፣ ለመልበስ ወይም ለመመገብ የሚረዳዎት ሰው አለ?

ውብነሽ፦ የለም።

ትህትና፦ ማንም?

ውብነሽ፦ ማንም።

ንጋቱ፦ (በሹክሹክታ) አብራሪላት እንጂ! እንዲህ በእንጥፍጣፊ ይመለሳል?

(የውብነሽ ተራ ስድስት ደቂቃ ብቻ ፈጀ። አሥሩንም ቃል አንድ ሳትጥል በተራው ደረደረችው። ስልኩ ሲዘጋ ንጋቱ አፉ እንደተከፈተ ነበር።)

ንጋቱ፦ አሥሩንም? ማን ነገረሽ?

ውብነሽ፦ እኔ እኮ ፎቅ ላይ አሥራ ሁለት አዛውንት አሉኝ። ማን ጨው እንደማይበላ፣ ማን መብራት ሲጠፋ እንደሚፈራ፣ ማን የሞተ ባሏን እንደምትጠራ በቃሌ ነው የምይዘው። አሥር ቃል ምን አላት?

(ሦስት ሳምንት አለፈ። ንጋቱ ከፖስታ ሳጥኑ ሁለት ፖስታ ይዞ ይገባል፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ። ፊቱ የሐዘን መርዶ ነጋሪ ይመስላል።)

ንጋቱ፦ ውቤ፣ ቁጭ በይ። እንዳትደነግጪ። ወፍራሙ ያንቺ ነው።

ውብነሽ፦ ወፍራም መሆኑ ምን ያስደነግጣል?

ንጋቱ፦ እዚህ አገር እምቢ ሲሉሽ እንዳትከሻቸው ብለው ምክንያቱን በሠላሳ ገጽ ይጽፉታል። እሺ ሲሉ ግን አንድ ገጽ ትበቃለች፤ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አቶ ንጋቱ» ብቻ። አይዞሽ፣ ዲስካውንቱ ቢቀር እኔ እከፍላለሁ።

(ስሱን ይከፍታል። ያነባል። መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል። ደግሞ ያነባል።)

ውብነሽ፦ ምን ይላል?

ንጋቱ፦ ተሳስተዋል። ይሄ የሌላ ሰው ነው። ይሄ ሰውዬማ አልጋ ላይ የዋለ ነው!

ውብነሽ፦ (ተቀብላ ቀስ እያለች) «አመልካቹ በራሳቸው አንደበት እንደገለጹት፣ ለመታጠብ፣ ለመልበስ፣ ከመቀመጫ ለመነሳትና ለመመገብ የሌላ ሰው እርዳታ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ማመልከቻቸውን መቀበል አንችልም።»

ንጋቱ፦ ለመመገብ? እጄ ተቆርጧል እንዴ? ጉርሻ እኮ ነው! ጉርሻ በሽታ ነው?

ውብነሽ፦ ከስድስቱ ሁለት ሲያቅት ነው የሚከፍሉት አላልከኝም? አንተ ገና ሳትገባ አራቱን አስመዘገብክ። የቀሩት ሁለቱ የመጸዳጃ ቤት ናቸው፤ ደግነቱ ነርሷ ቶሎ በቃኝ አለች እንጂ አንተ እሱንም ትቀባባላት ነበር።

ንጋቱ፦ ያንቺስ?

ውብነሽ፦ (ወፍራሙን ገልጣ) ተቀብለውኛል። ሠላሳው ገጽ ውሉ ነው።

(ንጋቱ ሶፋው ላይ ዘጭ ይላል። ሳይፈልግ የያለው ዊልቸር ዓይኑ ላይ መጣበት።)

ንጋቱ፦ እንግዲህ እኔ ብወድቅ... ለሩሃማ ቀረሁላት ማለት ነው?

ውብነሽ፦ (አጠገቡ ተቀምጣ) ያን ቀን ስልኩ ሲዘጋ ይሄ እንደሚመጣ ገብቶኝ፣ አሌክሳንድሪያ ያለውን የኢንሹራንሱን ኤጀንት ከሥራ ስወጣ አናግሬዋለሁ። ከስድስት ወር በኋላ፣ ጤነኛ መሆንህን ሐኪምህ ከጻፈልህ፣ እንደገና ማመልከት ትችላለህ። እስከዚያ ግን ራስህን ቻል። ሐኪሙ ሲጠይቅህም አትዋሽ፤ እውነት አድርገው።

ንጋቱ፦ ክኒኑን የት ነው የምታስቀምጪው?

ውብነሽ፦ ፈልገህ አግኘው።

(ንጋቱ ሊነሳ ይሞክራል፤ ሶፋው ይመልሰዋል። «ውቤ!» ይላል። ውብነሽ ውሏን ታነባለች። በሦስተኛው ሙከራ እያቃሰተ ብቻውን ይቆማል፤ ራሱን እንደ እንግዳ ሰው ዞር ዞር ብሎ ያያል። ቆሞ ግን ንዴቱ ተመለሰበት።)

ንጋቱ፦ ቢሆንም ጉደኞች ናቸው! አንድ ትልቅ ሰው በሃያ ደቂቃ ወሬ «አይሆነንም» ይባላል? አንቺ እንኳ ምንም ሳትይ ሠላሳ ዓመት ተቀብለሽኛል!

ውብነሽ፦ እኔማ ሞኝ ሆኜ ነው። እነሱ አንተን ራስህን ጠየቁህ። እኛ ቤት ግን አንተ መች መጣህና? ሽማግሌ ላክህ፤ ኢንተርቪውን ያለፉት ሽማግሌዎቹ ናቸው!